ኩበቱና ማሳው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ እበት ነው። ርእሱ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ የሳቁ ወንድሞች ነበሩ፤ አልተቀየምናቸውም።

ባለፈው ዕረፍት ከእርሻ ትምህርት ተማሪዎች ጥቂቶቻችን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ወጥተን ነበር። በአንድ መንደር ገበሬዎቹን ሰብስበን በክፍል የተማርነውን ነገርናቸው፤ ይኸውም እበት የመሬት ምግብ ስለ ሆነ በምድጃ ከማንደድ ይልቅ ወደ ማሳ መውሰድ ይገባል የሚል ነው። ሁሉም በጸጥታ አዳመጡን። በመጨረሻ አንዲት እናት፤ «እውነታችሁን ነው ልጆቼ፤ ታዲያ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቀጥሎም በዚያው ኩበት የተጋገረውን እንጀራ አቀረቡልንና በላን።

የነገርናቸው ነገር ግን ሐሰት አልነበረም። አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ፤ አንዳንድ ጊዜም ከቢሊዮን የሚበልጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህና እንደ ክር የቀጠኑት ፈንገሶች የበሰበሰውን ነገር እየበሉ ናይትሮጅኑንና ፎስፎረሱን ለሥር ያቀርባሉ፤ የአፈሩንም ቅንጣት እርስ በርሱ አጣብቀው ዝናቡ ጠርጎት እንዳይሄድ ይረዳሉ። ነገር ግን እነርሱም ካልበሉ አይሠሩም። ኩበት ሲነድ ምግባቸው ይጠፋል፤ ናይትሮጅኑም ከጢሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፎረስና ፖታሲየምም ቢሆን በጓሮ ይደፋል እንጂ ከሩቁ ማሳ አይደርስም። ጓሮው ጠቍሮ ሲወፍር ማሳው የሚገረጣው ስለዚህ ነው። ጭዱን በሬዎች ይበሉታል፤ ቃርሚያውንም ከብቱ ይግጠዋል፤ ለማሳው ከሥር በቀር የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የጤፍ እርሻ አለ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል። በታረሰ ቍጥር አየር ስለሚገባ ባክቴሪያዎቹ የቀረውን ብስባሽ ፈጥነው ይጨርሱታል፤ የፈንገሱም ክር ይበጣጠሳል። ከዚያ ራቍቱን የቀረውን መሬት የሐምሌ ዝናብ ያገኘዋል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ባለማወቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ባቄላ በበቀለበት ማሳ በዓመቱ ገብስ ቢዘራ እንደሚያምር ያውቃል። ሊቃውንት ምክንያቱን የደረሱበት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1880ዎቹ ነው፤ ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉት ጀርመናውያን በሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚያስገኙ አስረዱ፤ በ1888 ደግሞ የሆላንዱ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። የጉራጌም ሰው እንሰቱን ከቤቱ አጠገብ ተክሎ በፍግ ሲያለማ የኖረው ከእኛ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም።

ፍግ የሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚቈይ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ታይቷል። በዚያ አንድ የገብስ ማሳ ከ1852 እስከ 1871 ድረስ ፍግ ሲጨመርበት ቈይቶ ከዚያ ወዲያ ቀረበት። ከመቶ ዓመት በኋላም ሲመረመር ፍግ ካላየው ጎረቤቱ የበለጠ ብስባሽ ተገኘበት። የፋብሪካ ማዳበሪያን አንነቅፍም፤ ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ሰብሉንም ፈጥኖ ያነሣል። ነገር ግን የተክሉን ጕድለት ይሞላል እንጂ ለአፈሩ ነዋሪዎች ጭድና ፍግ የሚሰጡትን ምግብ አይሰጥም።

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በደጋው ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ኩበቱን ሊያተርፍ ይችላል፤ መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ግን ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጕልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ባዮጋዝ ደግሞ ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ከእበቱ ጋዙ ለምድጃ ይወጣል፤ የቀረው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። ሆኖም ብዙ ውሃና ጥቂት የማይባል ከብት ይፈልጋል፤ እኒያ እናት ያሏቸው ሁለት ላሞች ናቸው፤ ወንዙም ከቍልቍለቱ ሥር ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደዚያው መንደር የምንመለሰው ንግግር ይዘን አይደለም። ሁለት ምድጃ ሠርተን በእኒያ እናት ቤትና በጎረቤታቸው ቤት ለማቆም፤ የሚተርፈውንም ኩበት ለመመዘን አስበናል። ከእርሻ ተማሪዎች መካከል ግን ምድጃ መሥራት የሚችል አልተገኘም። ከምህንድስና ክፍል ሊረዱን የሚፈቅዱ ወንድሞችና እኅቶች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡልን።