እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል

(በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ላወያያችሁ የመጣሁት ስለ አንድ የቤት ውስጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ይኸውም አውራ ጣት የሚያክሉ ትንንሽ ምስሎችን መሥራት፣ ቀለም መቀባትና ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መጫወት ነው። "እኛ የመጣነው ስለ ኤች አይ ቪ ልንሰማ ነው፤ ይሄ ደግሞ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከወዲሁ እውነቱን ልናገርና ብሩሽ ቫይረስ አይገድልም። ምስል ስለቀባ ብቻ ከበሽታው የሚድን ሰው የለም። ነገር ግን በማኅበራዊ ሥራ ባለሙያነቴ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ወጣቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠየቁ የማይናገሩትን፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ይናገሩታል። የዛሬው ወሬያችን መነሻ ይህ ነው።

ትንንሾቹ ወታደሮች

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ የብዙ ሰው መዝናኛ ነው። ታዋቂው እንግሊዛዊ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች እንዴት እንደሚጫወቱ ሕግ የሚያወጣ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ዋርሃመር የሚባለው የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ወጣ። የጨዋታው ምስሎች ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተጫዋቹ ምስሎቹን ሳይቀቡ ይገዛቸዋል፤ ከዚያ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቀጭን ብሩሽ ዓይናቸውን፣ ቀበቷቸውንና የጫማቸውን ማሰሪያ ሳይቀር ይቀባል። አንዱን ምስል ለመጨረስ ብዙ ሰዓት የሚወስድበት ሰው አለ። ለብዙዎቹ ከጨዋታው ይልቅ የሚጥማቸው ቀለም መቀባቱ ነው።

"ይሄማ ገንዘብ ላለው ነው" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ምስሎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ገበያ ላይም አይገኙም። ግን ቆም ብለን እናስብ፤ እውን ይህ ነገር ለኛ እንግዳ ነው?

የኛው ጭቃ፣ የኛው ቆርኪ

ከብት የጠበቃችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ከናንተ መካከል በልጅነቱ በጭቃ በሬ ያልሠራ፣ ቀንድ ያላወጣ፣ ጠምዶም ያላረሰ ማነው? ዳማውስ? ካርቶን ላይ መስመር አስምሮ፣ የለስላሳ ቆርኪ አንዱን በፊቱ ሌላውን በጀርባው ደርድሮ የሚጫወት ሰው ከሰፈር ጠፍቶ አያውቅም። ገበጣም የአባቶቻችን ጨዋታ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የገበጣ ጨዋታዎች ሰፋ ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን ሰንጠረዥ ነው። ይህ የሀገራችን ቼዝ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ቤት ይዘወተር ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ገበታው እንደ አሁኑ ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ሳይሆን በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት የተከፈለ ነበር። በእያንዳንዱ ወገን 16 ምስል ይሰለፋል፤ ከነዚህ 8ቱ እግረኞች ናቸው። በንጉሡ ጎን ፈርዝ ይቆማል፤ ፈረስም አለ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ምስል እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ጨዋታ ዛሬ የሚያውቀው ወጣት በጣም ጥቂት ነው። እናንተ ብትሠሩትስ?

እንዴት ይሠራል?

ለሥራው የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በቆቦ ግራና ሸለቆ ውስጥ በእጃችሁ ይገኛል። ጥሩ ሸክላ አፈር የት እንዳለ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን ጠይቁ። አፈሩን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠጠሩን ልቀሙና ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሉበት፤ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ለጀማሪ ቀላሉ ምስል ጋቢ የለበሰ ሰው ወይም ነጠላ የተከናነበች ሴት ነው። ለምን ቢባል፣ ልብሱ እግርን ስለሚሸፍን ቀጭን እግር እየተሰበረ አያስቸግርም። የሠራችሁትን ፀሐይ ላይ አታውጡት። የኛ አገር ፀሐይ በአንድ ቀን ይሰነጥቀዋል፤ ጥላ ሥር ሦስት አራት ቀን ይድረቅ።

ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ኮላ በስሱ ቀቡት፤ ይህ ጭቃው ቀለም ሲነካው እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ከዚያ ቀለሙ ይቀጥላል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ የውሃ ቀለም ይሆናል፤ ከሌለም ቀይ አፈር፣ የተፈጨ ከሰልና ኖራ ከኮላ ጋር ይበጠበጣል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ተጠንቀቁ። ቀለሙን ቀጠን አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። በመጨረሻ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም በላዩ አፍስሱበት። በልብሱ እጥፋት ውስጥ ይጠራቀምና ጥላ ይሆናል። ከላይ የወጣውን በጨርቅ ጥረጉትና ደረቅ ብሩሽ ጫፍ ላይ ጥቂት ነጭ ቀለም አድርጋችሁ ጉብ ያለውን ብቻ ነካ ነካ አድርጉት። ያን ጊዜ ጭቃው ሰው ሆኖ ያያችኋል!

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ብሩሹን ለማሾል ብላችሁ አፋችሁ ውስጥ አትክተቱ፤ ቀለም ውስጥ መርዝነት ያለው ነገር ሊኖር ይችላል። የዘይት ቀለምና ማቅጠኛውን ደግሞ በተዘጋ ቤት አትጠቀሙ፤ ሽታው ጤና ይጎዳል።

ጠረጴዛው ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች

"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ይባላል። ሰዎች ይህን ይዘው "ወጣቱ ሥራ ስለፈታ ነው ለኤች አይ ቪ የሚጋለጠው" ሲሉ እሰማለሁ። ሶሺዮሎጂ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ወጣቱን የሚያጋልጠው ትርፍ ጊዜ ብቻ አይደለም። የተሟላ መረጃ አለማግኘት፣ መጠጥና ጫት፣ ችግር፣ "እምቢ" ለማለት አቅም ማጣትም ያጋልጣሉ። ደግሞ ትርፍ ጊዜው ለሁሉም እኩል አይደለም። ወንዱ ከትምህርት ሲመለስ አደባባይ ይወጣል፤ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቻችሁ ጠረጴዛው ዙሪያ እንዲቀመጡ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጀሪካኑን አብራችሁ ያዙ።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስምም ቦታም አልጠቅስም። ከወጣቶች ጋር ምስል በምንቀባበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀና ሳትል፣ የፈረሱን ጋማ እየቀባች እንዲህ አለች፤ "አክስቴ ቫይረሱ አለባት። ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትበላው። በሳህን ይተላለፋል እንዴ?" ማንም አፍጥጦ አላያትም፤ ሁሉም የየራሱን ምስል ይቀባ ነበር። ልጅቷ በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ተነስታ ይህን ትጠይቅ ነበር? አይመስለኝም። እኔም የመለስኩላት ያለ ስብከት ነው፤ "አይተላለፍም" አልኳት። ከሳምንታት በኋላ ስንገናኝ "አሁን ከአንድ መሶብ ነው የምንበላው" አለችኝ።

ከዚያች ጥያቄ በኋላ ሌሎቹም ተከታተሉ። መልሱን ለናንተም ልድገመው። ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በምራቅ፣ ብሩሽና የቀለም ውሃ በመጋራት አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ደም በነካው መርፌና ስለት፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ነው። እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ልጇን መጠበቅ ይቻላል። ምስል የምትቀርጹበትን ምላጭ ግን አትዋዋሱ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ይኑረው።

ሰው በመልኩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ ሰሞን ምርመራ ላያሳየው ስለሚችል ሐኪሙ ድገሙ ካለ መድገም ያስፈልጋል። አስገድዶ መደፈር የደረሰባት ወይም የደረሰበት፣ ወይም በሌላ መንገድ ተጋልጬ ይሆናል ብሎ የሰጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ይህችን ቁጥር አትርሷት። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

የተናቁ እጆች

ስለ ጭቃ ከተናገርኩ አይቀር፣ ስለ ጭቃ ሠሪው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሚሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች የታወቀች መንደር ነበረች። ምስሉን እንግዳ ሁሉ ይገዛዋል፤ የሠራችው ሴት ግን "ቡዳ ናት" ተብላ ትፈራ ነበር። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። እኛም አካባቢ ቢሆን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ስንት ስም ወጥቶለታል! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ልብ በሉ፤ ማሰሮውን እንወዳለን፣ በማሰሮው ወጥ እንበላለን፣ ሠሪዋን ግን ከማዕድ እናርቃለን።

ኤች አይ ቪ በሀገራችን መኖሩ በ1976 ዓ.ም. ከታወቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ሪፖርት ከተደረጉ በኋላ ያየነውም ይህንኑ ነው። ሳህን መለየት፣ ቤት አለማከራየት፣ ስም ማውጣት። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሞት ቀነሰ፤ ማግለል ግን በመድኃኒት አይቀንስም። የሚቀንሰው አብሮ በመቀመጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ በዞናችን ጤና ተቋማት ሲዘረፉ መድኃኒት የተቋረጠባቸው ወገኖች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ችግሩን ለአንድ ሰው እንኳ የነገረ አብሮት የሚፈልግለት ሰው ያገኛል፤ የደበቀው ብቻውን ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱን ለታማሚው ብቻ አንንገረው። እንዲደብቅ የሚያደርገው የኛ ዓይን ነውና።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አራት ሆናችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ሰንጠረዡ 32 ምስል ነው፤ ለያንዳንዳችሁ 8 ይደርሳችኋል። ቦታው ቤተሰብ የሚገባ የሚወጣበት ክፍት ቤት ወይም በረንዳ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ የሚሰማ የሰው ምስጢር ከዚያ አይውጣ፤ ይህ የመጀመሪያው የጨዋታ ሕግ ይሁንላችሁ። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ሲነሳ አትገምቱ፤ ጽፋችሁ ለክበቡ አስተባባሪ ወይም ለጤና ባለሙያ አቅርቡ። አራታችሁ ስትጨርሱም አምስተኛ ሰው ጥሩ። ያ አምስተኛ ሰው ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚቀመጠው፣ ስለ ወላጆቹ ሐሜት የሚወራበት ልጅ ይሁን። ብሩሽ ስጡት እንጂ ጥያቄ አታብዙበት።

ምስሎቹ ሲያልቁ ለክበባችሁ አሳዩ፤ መጫወቻ ገበታውም ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሠርታችሁ ብትጠሩኝ ለመሸነፍ እመጣለሁ።