ባሮና ሶባት
(በማንጋቴን በተከበረው የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ስለ ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን ጉርብትና የቀረበ ንግግር)



ስለ ሁለቱ አገሮች ግንኙነት ጥቂት እንድናገር ታዝዣለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ባሮ ጋምቤላን አልፎ ድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የኢትዮጵያ ቡና በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ካርቱም ይደርስ ነበር። እንግዲህ የእኛ የጁባ ነጋዴዎች ሥራ አዲስ አይደለም።

ፖለቲካው የመጣው ቆይቶ ነው። የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በ1972 የቆመው አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስምምነት ነው። ያ ስምምነት በ1983 ሲፈርስ ስደተኛው ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢታንግ ጎረፈ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ስትወጣ የአፍሪካ ኅብረትና የኢጋድ አባል ሆነች፤ በ2013 ጦርነት ሲነሳም ኢጋድ በአምባሳደር ስዩም መስፍን መሪነት አዲስ አበባ ላይ አደራደረ። የ2015ቱ ስምምነት በሐምሌ 2016 እዚሁ ጁባ ውስጥ እንዴት እንደፈረሰ ከመካከላችን የሚያስታውሱ አሉ። የ2018ቱም የተፈረመው አዲስ አበባ ነው።

ጉርብትናው የተፈተነበትም ቀን አለ። በሚያዝያ 2016 ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ። ብዙዎቹ ልጆች የተመለሱት ሁለቱ መንግሥታት በመነጋገራቸው ነው። በ2024 ደግሞ ደቡብ ሱዳን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍን በማጽደቋ ውሉ በጥቅምት ወር ሥራ ላይ ዋለ። ለኢትዮጵያ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ተቀላቅላለች። ኬንያና ኡጋንዳ እዚያ አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም። የአፍሪካ ኅብረት የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል በ2018 አዲስ አበባ ላይ ቢወጣም ሥራ ላይ ለመዋል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባል፤ ከዓመታት በኋላም ያጸደቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለ ኅብረት ሲነገር ሁላችንም አብረን እናጨበጭባለን፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነው የምንሄደው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የሚጠቅመን የሁለቱ አገሮች የብቻ ስምምነት ነው፤ ለሠራተኛውም፣ ለነጋዴውም፣ ለተማሪ ልጆቻችንም።

ይህን ለኤምባሲያችን ለማቅረብ ስንት እንደሆንን ማወቅ አለብን። ኮሚቴው መዝገብ ከፍቷል። ከዝግጅቱ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ቤተሰባችሁን አስመዝግቡ። ፓስፖርቱ ጊዜው ያለፈበት ወገንም ሳያፍር ይምጣ።