መድኃኒት የማይገድለው የእንክርዳድ ዘመድ



በወንጌል ምሳሌ ስንዴ በተዘራበት እርሻ ላይ ጠላት በሌሊት የዘራውን እንክርዳድ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ እንክርዳድ የቅርብ ዘመድ፣ ራይግራስ ስለሚባለው ሣር ነው። ነገሩ የደረሰው በአውስትራሊያ ቢሆንም፣ ትምህርቱ ስንዴ ለሚዘራ አገር ሁሉ ይሆናል።

ራይግራስን በአውስትራሊያ የዘራው ጠላት አልነበረም። ለበጎቻቸው ግጦሽ እንዲሆን በሰፊ መሬት ላይ የዘሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። ኋላ ግን ስንዴውን እያበዙ በሄዱ ጊዜ፣ ትናንት መኖ የነበረው አረም ሆነ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፣ ዲክሎፎፕ ሜቲል የተባለ መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። ስንዴውን ሳይጐዳ ሣሩን የሚገድል በመሆኑ ገበሬው ደስ ብሎት ዓመት በዓመት ይረጨው ጀመር። ይሁን እንጂ በ1982 በደቡብ አውስትራሊያ ይህ መድኃኒት የማይገድለው ራይግራስ መገኘቱ ተገለጸ። በ1996 ደግሞ ግላይፎሴትን እንኳ የሚቋቋም ራይግራስ በዚያው አገር ታየ።

ብዙ ሰው ሣሩ መድኃኒቱን ለመደው ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በአንድ እርሻ ከሚበቅሉት እልፍ አእላፋት ሣሮች መካከል፣ መድኃኒቱ ከመረጨቱ አስቀድሞ በተፈጥሮአቸው የተለዩ ጥቂቶች አሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ መድኃኒቱ የሚይዘው የአካል ክፍል ቅርጹ ልዩ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ቍልፉ እንደ ተለወጠበት ደጃፍ ይሆንበታል። ሌሎቹም ስንዴው ራሱ እንደሚያደርገው መድኃኒቱን በውስጣቸው አፍርሰው ከንቱ ያደርጉታል። የቀረው ሁሉ ሲሞት እነዚህ ተርፈው ዘራቸውን ይበትናሉ፤ ራይግራስም በነፋስ የሚዳቀል ስለሆነ ጠባያቸው ወደ ጎረቤት እርሻ ይሻገራል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን፣ አንዱን መድኃኒት የለመዱ የመሰሉት እነዚህ ሣሮች ከቶ ተረጭቶባቸው የማያውቀውን ሌላ መድኃኒት የሚቋቋሙበት ጊዜ መኖሩ ነው። ለቍጠባ ሲባል ከመጠኑ አሳንሶ መርጨትም ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ በመጠኑ የበረቱት ተርፈው እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ይልቅ ይበረታሉና።

ታዲያ ገበሬዎቹ ምን አደረጉ? ሣሩን ትተው ዘሩን ማሳደድ ጀመሩ። የራይግራስ ዘር አብዛኛው እስከ አጨዳ ድረስ ከአገዳው ላይ ይቈያል፤ መሬት ከወደቀም በኋላ የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ኮምባይነር የሚጥለውን ገለባ በመስመር ከምረው አቃጠሉ፤ ሰብልም አፈራረቁ። ሬይ ሃሪንግተን የተባለ የምዕራብ አውስትራሊያ ገበሬ ደግሞ ከእብቁ ጋር የሚወጣውን የአረም ዘር የሚያደቅ መሣሪያ ፈለሰፈ።

በእኛም አገር፣ በአርሲና በባሌ የስንዴ እርሻዎች፣ የአረም መድኃኒት መርጨት የተለመደ ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ግዢ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ የሚያልፍ ሹም ዋጋውን ብቻ አይመልከት፤ ያው መድኃኒት ዐምናና ካቻምና በዚያው እርሻ ላይ ተረጭቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በእጁ የሚያርመውንም ገበሬ ኋላ ቀር ከማለታችን በፊት እናስብ፤ በጊዜው ከተነቀለ አረም ዘር አይወርድም። መድኃኒቱ እንደ ማናቸውም ሀብት በአያያዝ ጕድለት ያልቃል፤ ባለቀም ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው የገበሬው ጐተራ ነው።