ውኃን ማውጣትና ውኃን መጠበቅ



ከጣርማ በር ተራራ ወደ ይፋት ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ፣ ሸዋ ሮቢት ውኃ የሚቸግራት ከተማ አትመስልም። ከደጋው ተነሥተው ወደ አዋሽ የሚያቀኑት ወንዞች ባነጠፉት ደለል ሥር የከርሰ ምድር ውኃ ተጠራቅሟል። ነገር ግን በምድር ውስጥ ያለ ውኃ ሁሉ ከቧንቧ አይደርስም። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ሪባን በተቆረጠ ማግሥት የሚጀምረው የጥበቃ ሥራ ነው ወሳኙ።

በቆላው ይህን ሥራ የሚፈታተኑት ነገሮች የታወቁ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ከደጋው የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ አሸዋማውን የወንዝ ወለል ስለሚጠርግ፣ ወንዝ አቋርጦ የተቀበረ ቧንቧ በአንድ ሌሊት ሊጋለጥና ሊሰበር ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅም በጉድጓድ ውስጥ የሚሠራውን የፓምፕ ሞተር ያቃጥላል። እነዚህ ጉዳቶች ወዲያው ስለሚታዩ ጠጋኝ አያጡም። የሚከፋው ከመሬት በታች ቀስ እያለ የሚፈሰው ነው።

በሰኮንድ አንድ ሊትር የሚያፈስ ስብራት በቀን 86.4 ሜትር ኩብ ውኃ ያባክናል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ፣ ይህ የ1,728 ሰዎች ድርሻ ነው። አዲስ ጉድጓድ ከመታሰቡ በፊት ይህ ድርሻ ሊፈለግ ይገባል።

ፍለጋውም ውድ መሣሪያ አይሻም። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ሕዝቡ በተኛበት፣ ወደ መስመሩ የሚገባውን ውኃ በቆጣሪ ማንበብ ይበቃል። ሆኖም ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ንባቡ ሊያሳስት ይችላል፤ ነዋሪው ሮቶውንና በርሜሉን የሚሞላው በዚያው ሰዓት ነውና። ስለዚህ አንድ ቀጠና ተመርጦ፣ የየቤቱ ማጠራቀሚያ እስኪሞላ ድረስ ውኃ ሳይቋረጥ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በሌሊት የሚነበበው ፍሰት በአብዛኛው የስብራት ነው። ቫልቮቹ በየተራ ሲዘጉም፣ ፍሰቱ በድንገት የሚቀንስበት መስመር ስብራቱን ይጠቁማል።

ለዚህ ግን ቫልቩ የሚዘጋ፣ ቦታውም የሚታወቅ መሆን አለበት። የመስመሩ ካርታ በአንድ አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ አእምሮ ብቻ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ እርሱ ጡረታ በወጣ ዕለት ከተማይቱ መስመሯን ትረሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና በግምት መቆፈር ነው፤ የግምቱንም ዋጋ ጀሪካን ተሸክመው ወረፋ የሚጠብቁት እናቶችና ልጆች ይከፍሉታል።

እንግዲህ የውኃ ሥራ ርክክብ በተፈጸመ ቁጥር፣ ከፓምፕ ቤቱ ቁልፍ ጋር የተሟላ የመስመር ካርታ፣ የሚሠራ ቆጣሪና የመለዋወጫ በጀት አብረው ይረከቡ። እነዚህ ያልተሟሉለት ሥራ ተመረቀ ይባል እንደ ሆነ እንጂ ተፈጸመ ሊባል አይችልም።