በመንገድ ዳር ስለሚቆም መታሰቢያና ስለ ቀጨኔ ባለ እጆች
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ መታሰቢያ ድንጋይ ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

የነዌ ልጅ ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ካሻገረ በኋላ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ። ያቆመውም ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱ ብሎ ነው። ጠያቂና መላሽ ያጣ ሐውልት ግን ከሜዳ ድንጋይ አይለይም። በቅኔ ቤትም ሰሙን ይዞ ወርቁን ያላገኘ ተማሪ ቅኔውን ሰማ አይባልም።

ከቀጨኔ ወደ ከተማው ስንወርድ እንዲህ ያለ መታሰቢያ አናጣም። በጊዮርጊስ አጠገብ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት አለ፤ በ1923 ዓ.ም. ቆመ፤ ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘ ጊዜ አውርዶ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላም ወጥቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከዚያ ጥቂት እልፍ ስንል የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናገኛለን። እኒህ አባት በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ፥ ለጠላት አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሞአል። ወደ ስድስት ኪሎ ብንሻገር ደግሞ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀኖች በግፍ ያለቁት ወገኖቻችን የሚታሰቡበት ሐውልት አለ።

ጠላት የምኒልክን ሐውልት የቀበረው የእኛ ልጆች ስለ ዐድዋ እንዳይጠይቁ ነው። ይህን ስናስብ እንቈጣለን፤ መቈጣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን፥ ወገኖቼ ሆይ፥ ማንም ጠላት ሳይነካብን እኛው ራሳችን የቀበርነው ታሪክ የለምን? አለ። ያውም ከዚህ ከደጃችን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፥ ከተማይቱ ልትሠራ ባለ እጅ ያስፈልግ ነበር። ቀጨኔም የሸማኔው፥ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ሰፈር ሆነች። እናቶች ጭቃውን አቡክተው፥ ያለ መንኰራኵር በእጃቸው አበጅተው፥ አድርቀው፥ በእሳት ተኩሰው፥ ጀበናውን፥ ምጣዱን፥ እንስራውንና ጋኑን ለገበያ አወጡ። በምጣዳቸው እንጀራ ያልጋገረ፥ በጀበናቸው ቡና ያላፈላ ቤት የትኛው ነው? ለዝክሩ የምንጠምቀው ጠላስ ከማን ጋን ተቀድቶ ኖሮአል? የለበስነውስ ነጠላ ከማን እጅ ወጣ?

ዋጋቸውን ግን በምን ከፈልናቸው? ጠይብ አልናቸው፤ ቡዳ አልናቸው፤ ከማዕዳቸው ሸሸን፤ ልጃቸውን ለልጃችን ከለከልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በለጠ። ለባለ አዋጁ ንጉሥ ሐውልት አለን፤ አዋጁን የሚያሳስብ አንድ ድንጋይ ግን በምመላለስበት መንገድ አላየሁም።

ሰውን በምወቅስበት ነገር እኔ ንጹሕ አይደለሁም። ከጎጃም ቅኔ ቤት ወደዚህ ከተማ በመጣሁበት ዘመን፥ አንድ ቀን በረኃብ ደክሜ በዚህ ሰፈር ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ተቀመጥሁ። እኒያ እናት እጃቸውን ከጭቃው ታጥበው እንጀራ በወጥ አቀረቡልኝ። አብሮኝ የነበረው ተማሪ በጆሮዬ አንድ ቃል ተናገረኝ፤ እኔም ጾመኛ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። ጾም አልነበረም። እናቲቱም ዐወቁ፤ አንዳች ሳይናገሩ እንጀራውን ከድነው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። አዳም ከምድር አፈር እንደ ተበጀ፥ ነቢዩ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ቃል ሊሰማ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንደ ተላከ የተማርሁ ሰው ነበርሁ። ትምህርቱ በአፌ ነበረ፤ በሆዴ አልገባም ነበር። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ብመለስ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞት አገኘሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት፥ ከደጀ ሰላማችን ውጭ በመንገዱ ዳር አንድ መታሰቢያ ይቁም። ትልቅ አይሁን፤ ወርቅም አይቀባ። ይህን ሰፈር ባለ እጆች እንዳቀኑት፥ የእጃቸው ሥራ ከተማይቱን እንዳበላና እንዳለበሰ፥ ስድባቸውም በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እንደ ተከለከለ ይናገር።

ሆኖም ሁለት ነገር ይቅደም። አንደኛ፥ በሥራቸው ስም ብዙ ስድብ ስለ ሰሙ፥ ያ ስም በድንጋይ ተጽፎ ማየት የሚያማቸው ይኖራሉና አስቀድመን እነርሱን እንጠይቅ። ቃሉን እነርሱ ይምረጡ፤ አይጻፍ ቢሉም ፈቃዳቸው ይጠበቅ። ሁለተኛ፥ ያረጁ እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ የሚያስታውሱትን እንጻፍ፤ የተረጋገጠው ብቻ በድንጋዩ ይቀረጽ፥ የቀረው በመጽሐፍ ይቀመጥ።

ድንጋዩን አቁመን ማዕዳቸውን ብንሸሽ ግን ያ ድንጋይ በእኛ ላይ ምስክር ይሆናል። ነገ አንድ ሕፃን የአባቱን እጅ ይዞ ሲያልፍ ይህ ምንድር ነው ብሎ ይጠይቃል። አባቱ ሳያፍር እንዲመልስለት፥ መልሱን ከዛሬ ጀምረን በማዕዳችን እናዘጋጅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።