የከተማ ውሃ ከደጋው ይጀምራል
(ስለ ጎንደር ከተማ ፕላንና የውሃ አያያዝ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድርቅ በተነሣ ቁጥር በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን የደረቀ ማሳና የከሳ ከብት ነው። ይሁን እንጂ ድርቅ ከተማንም ይነካል። የንግግሬ ዓላማ የአንድ ከተማ ፕላን ሲመዘን መለኪያው መንገዱና ሕንፃው ብቻ ሳይሆን የውሃው ምንጭ አጠባበቅ ጭምር ሊሆን እንደሚገባ በጎንደር ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመረጡት ሥፍራ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የሚገኝ ነው። በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው የፋሲል መጠመቂያም ውሃውን የሚያገኘው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ ነው። ስለዚህ ውሃን ጠልፎና አጠራቅሞ መጠቀም ለከተማይቱ ባዕድ ሙያ አይደለም። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በከተማይቱ የቆየው የኢጣሊያ ወራሪ ኃይል ያወጣው ፕላን ግን ነዋሪውን በዘር የለየ ነበር። ከዚህ የምንማረው ማናቸውም ፕላን ማንን ቆጥሮ ማንን እንደተወ አስቀድሞ ሊጠየቅ እንደሚገባው ነው።

የነዋሪው ቁጥር በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 112,249፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 207,044 ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ ተቃርቧል ማለት ነው። ዝናቡ ግን በአብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሆነ ከተማይቱ በጋውን የምታልፈው በክረምት በተጠራቀመው ውሃ ነው።

የአንገረብ ግድብ የተሠራው ይህንኑ ውሃ አጠራቅሞ ለመጠጥ ለማዋል ነበር። ሆኖም ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ደኑ ተመንጥሮ ስለታረሰ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ግድቡ ያስገባዋል። ደለል በያዘው ቦታ ውሃ ሊያዝ አይችልም። ገበሬው አፈሩን ሲያጣ ከተሜው ውሃውን ያጣል፤ ሁለቱ ችግሮች በእርግጥ አንድ ናቸው። ለመስኖና ለጎንደር መጠጥ ውሃ ታስቦ የተጀመረውና ግንባታው ለብዙ ዓመታት የተጓተተው የመገጭ ግድብም ከዚሁ አደጋ ነፃ አይሆንም። አንገረብ የሚፈሰው ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነውና፣ ከላይ ያልተጠበቀ አፈር ከታች ያለውን ሁሉ ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ግድቡ እንዲድን ተዳፋቱን የሚያርሰው ገበሬ መሬቱን ይልቀቅ ቢባል ኑሮው በምን ይተካል? በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ተነሥቶ ሲሰፍር፣ ውሃና ጤና አስቀድሞ ባልተዘጋጀባቸው ቦታዎች በወባና በሌላም በሽታ አያሌ ወገኖች አልቀዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ሰፈራ ተካሂዷል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ጃን አሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ተጎድተዋል። ሰውን ማንሣት ቀላል ነው፤ ማቋቋም ግን ሌላ ሥራ ነው።

በመሆኑም የከተማ ፕላን በሚገመገምበት ጊዜ ሦስት ነገሮች እንዲታዩ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የፕላኑ ካርታ በከተማው ወሰን ሳያበቃ ውሃው እስከሚመነጭበት ተዳፋት ይዝለቅ። ሁለተኛ፣ ለእርከን፣ ለችግኝና ለከብት መኖ የሚወጣው ወጪ ከቧንቧውና ከማጣሪያው ወጪ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ፤ ገበሬው ለከተማው ውሃ ሲል የሚተወው መሬት ካለም ተገቢው ካሣ ይከፈለው። ሦስተኛ፣ ድርቅ ገፍቶት ወደ ከተማው ዳርቻ የሚመጣው ወገን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ተቆጥሮ የውሃ መስመር ይታሰብለት።

የጎንደር ነዋሪ ቧንቧውን ሲከፍት የሚቀዳው የደጋውን ዝናብ ነው። ያን ዝናብ በማሳው ላይ አቁሞ የሚያሰርገው ገበሬ የከተማው ውሃ ጠባቂ ነውና፣ በፕላኑም ሆነ በበጀቱ ስሙ ሊጻፍ ይገባዋል።