ለሕንፃው ገመድ፣ ለተራራው ባሮሜትር
(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ የፈተና ጥያቄና ስለ አንድ ተማሪ መልስ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያሥቃል፤ ሥቀው ከጨረሱ በኋላ ግን ልጅ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያሳስብ ሆኖ ይገኛል።

በአሜሪካ አገር፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው አሌክሳንደር ካላንድራ ታሪኩን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. «ሳተርዴይ ሪቪው» በተባለው መጽሔት አውጥቶታል። እንደ ጻፈው አንድ የሥራ ባልደረባው ዳኛ ይሆነው ዘንድ ጠራው። ባልደረባው ለአንድ ተማሪ ዜሮ ሊሰጠው ነው፤ ተማሪው ደግሞ ሙሉ ነጥብ ይገባኛል ይላል። ጥያቄው በባሮሜትር፣ ማለት በአየር ግፊት መለኪያ፣ የአንድን ረዥም ሕንፃ ቁመት ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ አሳይ የሚል ነበር። ተማሪውም ባሮሜትሩን ይዤ ሰገነቱ ላይ እወጣለሁ፤ በረዥም ገመድ አሥሬ እስከ መንገዱ ድረስ አወርደዋለሁ፤ ከዚያም ስቤ የገመዱን ርዝመት እለካለሁ፤ የገመዱ ርዝመት የሕንፃው ቁመት ነው ብሎ መለሰ።

ካላንድራም የፊዚክስ ዕውቀት ያለበትን መልስ ይሰጥ ዘንድ ለተማሪው 6 ደቂቃ ፈቀደለት። ተማሪው 5 ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይጽፍ ተቀመጠ። አቃተህን ቢባል፣ መልሱ ብዙ ስለ ሆነብኝ የተሻለውን እየመረጥሁ ነው አለ። በቀረችው ደቂቃ ባሮሜትሩን ከሰገነቱ ቁልቁል ለቅቆ፣ መሬት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ለክቶ፣ ቁመቱን በሒሳብ ማግኘት እንደሚቻል ጻፈ። ባልደረባውም ተረታና ሙሉ ለመሆን ጥቂት የጎደለው ነጥብ ሰጠው። ኋላም ተማሪው ሌሎች መንገዶችን ዘረዘረ፤ ከነዚህም አንዱ ባሮሜትሩን ለሕንፃው ኃላፊ በስጦታ አቅርቦ ቁመቱን እንዲነግረው መጠየቅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ለዚህ ዘዴ ሌላ ስም ሳይኖረው አይቀርም።

የሚጠበቀውን መልስ አታውቀውምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን አውቀዋለሁ አለ፤ ዳሩ ግን መምህራን እንዴት እንደማስብ ሊወስኑልኝ መፈለጋቸው ሰልችቶኛል ሲል ገለጸ። ዛሬ ታሪኩ ሲወራ ተማሪው ታላቁ ኒልስ ቦር ነበር ይባላል፤ ካላንድራ ግን የተማሪውን ስም አልጠቀሰም።

አሁን እኛም እንደ ዳኛ ሆነን ነገሩን እንመርምረው። የሚጠበቀው መልስ የአየር ግፊትን ከታችና ከላይ ለክቶ ከልዩነቱ ቁመቱን ማውጣት ነው። በባሮሜትር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በባሕር ጠረፍ አካባቢ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል 11 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሕንፃው 30 ሜትር ቢሆን ሜርኩሪው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይወርድም። የለካው ሰው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት የሕንፃው ቁመት ከ5 ሜትር በላይ ይዛባበታል። ባሮሜትሩን ቁልቁል መልቀቅም ቢሆን፣ ወድቆ መሬት እስኪደርስ 2 ሰኮንድ ተኩል ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ በእጅ ሰዓት ላይ የምትደርስ ትንሽ መዘግየት ያንኑ ያህል ታሳስታለች። የተናቀው ገመድ ግን ቢሳሳት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። እነሆ፣ ዜሮ ሊሰጠው የነበረው መልስ ለዚያ ሕንፃ ከሁሉ የታመነው ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ግን መምህሩ የሚያስተምረው ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ጥያቄውን ከአሜሪካው ሕንፃ አንሥተን ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ሐብሩ ወረዳ፣ ወደ ግራና እናምጣው። በግራና ትምህርት ቤት ለተቀመጠ ተማሪ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታ እንዴት ይለካል የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት፣ ገመድ ከቶ አይረዳውም። ተራራው 4,260 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ በዚያ ጫፍ ላይ ወደ 450 ይወርዳል። እዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱ ከከፍታው ታላቅነት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ለሕንፃው ገመድ፣ ለተራራው ባሮሜትር መባል ይገባዋል።

የግራና ልጅ ባሮሜትር ባይኖረውስ? ከእናቱ ምድጃ የሚማረው አለ። ከቆላው ወጥቶ ደጋ ዘመዶቹ ዘንድ የከረመ ልጅ ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃል። ምክንያቱም ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳልና በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል ማለት ነው። እንግዲያስ ልጁ ውሃ አፍልቼ በቴርሞሜትር እለካለሁ ብሎ ቢጽፍ፣ ፈታኙ ስለ ወጥ ቤት አልጠየቅሁህም ይለው ይሆን? በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ተራሮቻችንን የለካው በዚሁ ዘዴ ጭምር ነው።

ከግራና ሩቅ ሳንሄድ በዚያው በሰሜን ወሎ ዋድላ ይገኛል። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሌላው የተናገረውን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ አያስመሰግነውም፤ በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ መምጣት አለበት። መምህሩም አዲስነቱን አይቶ ብቻ አያልፈውም፤ ሰዋስው ተፋልሶ፣ ቤት ጎድሎ፣ ምሥጢር ተዛብቶ እንደ ሆነ ያርመዋል። ሁለቱ አብረው ይፈለጋሉ፤ ሕጉን ማወቅና ከሕጉ ውስጥ ያልተሰማ ነገር ማውጣት። የአሜሪካው ተማሪ ያስመሰገነው ቀልዱ ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቀውንም መልስ ማወቁ ነው። ሳያውቅ የሚቀልድ ተማሪ ግን ሰዋስው ሳይማር ቅኔ እቀኛለሁ እንደሚል ሰው ነው።

ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.2 ነው። ፈተናው ከተሰጡት መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተማሪ በአንድ ሚዛን እንዲመዘንና አድልዎ እንዳይኖር ይህ ዓይነቱ ፈተና ይጠቅማል። ዳሩ ግን ገመድ የሚል መልስ የሚጻፍበት ቦታ በወረቀቱ ላይ የለም። ይህ ቦታ ሊገኝ የሚችለው በመማሪያ ክፍልና በየቤታችን ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ማታ ከቢሮ ስትመለስ ልጅህ ደብተሩን ይዞ ያልጠበቅኸውን መልስ ቢሰጥህ፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም ብለህ አትመልሰው። እውነት ነውን? ከምን አገኘኸው? መጽሐፉ የሚለውንስ ታውቃለህን? ብለህ በቅደም ተከተል ጠይቀው። ሦስቱንም ከመለሰ አክብረው፤ ሦስተኛው ካቃተው ወደ መጽሐፉ መልሰው። ነገም በመሥሪያ ቤትህ ባለጉዳዩ በቅጹ ላይ ያልታሰበ ነገር ይዞ ሲቀርብ፣ መዝገቡን ከመዝጋትህ በፊት ያ በገመድ የለካው ተማሪ ትዝ ይበልህ።